በሁዳዴ ቅቤ ማን ይቅመስ

ሞጣ፣ የካቲት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለመምህር ይታያል
ቢቸና

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ይድረስህ። ጾሙ እንዴት ይዞሃል? በሁለቱ ደብዳቤዎችህ «ምነው ዝም አልሽ?» ብለኸኛል። ዝም ያልኩት ሳትናፍቀኝ ቀርተህ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር ስለሚያሳፍር ነው። ስልክ ቤት ሄጄ እንዳልነግርህ ሰልፍ የቆመው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ሾፌሩ ቀለሙ ግን ወሬ ቢወድም የሰው ደብዳቤ አይከፍትም።

የጥራት መርማሪዋ መጥታ ሄደች። ወደቅን።

ወይዘሪት ሄለን ትባላለች። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ ናት። የቅቤ ማንጠሪያ ቤታችንን ጥግ በጥግ አየችው። የውኃውን በርሜል ከፈተች፣ ማጥለያውን ጨርቅ ወደ ብርሃን አነሳች፣ የሁላችንን ጥፍር ሳይቀር ተመለከተች። እስከዚያ ድረስ ያገኘነው ምስጋና ብቻ ነበር። በመጨረሻ «እያንዳንዱ ድስት ከመታሸጉ በፊት የሚቀምሰው ማነው?» አለች። ፈንታዬን ታውቃታለህ፣ ከእኛ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት፤ ደረቷን ነፍታ ወደ መደርደሪያው ወሰደቻት። ከየድስቱ የተጨለፈ ቅቤ በሲኒ በሲኒ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ተከድኖ ተሰልፏል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ልጅቱ።

«ለፋሲካ ነዋ እመቤቴ። ዶሮ ሲጮህ ጾማችንን ፈትተን አንድ በአንድ እንቀምሰዋለን።»

«ያን ጊዜ ቅቤው የት ይሆናል?»

«አዲስ አበባ ነዋ።»

«በሰው ሆድ ውስጥ ነዋ» አለች ሄለን፣ እሷም በእኛው አነጋገር።

እንደምትስቅ አውቃለሁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያንን የሲኒ ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ቅቤ የሚትረፈረፈው ሰው ሁሉ በሚጾምበት በሁዳዴ ነው። የዓመቱን ሥራ የምንሠራው አሁን ነው፤ አሁን ደግሞ ከመካከላችን ቅቤ አፏ የምታስጠጋ የለችም። ማሽተቱን እናሸታለን፤ እሱንም ቢሆን ፈንታዬ አማትባ ነው።

ሄለን ከሆሳዕና በፊት ተመልሳ ትመጣለች። ያን ጊዜም ከወደቅን የአዲስ አበባው መደብር ያለ ምስክር ወረቀት አንድ ጠርሙስ አይረከበንም፤ ቤቱ ይዘጋል። በገና የተስማማነውን አልረሳሁም። እስከ ፋሲካ ካላለፍን ቁልፉን አስረክቤ ቢቸና እገባለሁ ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። እስከዚያው ግን መሪጌታ ወልደ ኪዳንን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ቀምሶ መትፋት ጾም ይፈታል?

ስለ ጤናዬ ለጠየቅከኝ ደህና ነኝ። ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነበር።

ያንተው ባንቺዓለም

*

ቢቸና፣ የካቲት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

የእኔ ባንቺ፣

ሳቄን ይቅር በይኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ደብዳቤሽን ይዤ ብቻዬን ስስቅ «ሰውዬው ጾሙ ጸናበት» አሉ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም፤ የፈንታዬን መደርደሪያ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

መሪጌታን ጠየቅኋቸው። «ምላስ የበር ዘበኛ ናት፤ ሌባውን አስገብታ ስታበቃ ብታስወጣው ምን ይረባል?» አሉኝ። ቀጥለውም «ባለቤትህ ቅቤውን ትታ ተልባ ብትሸጥ ምናለበት?» አሉ። ይህን ሁለተኛውን ምክር ብትወረውሪውም አልቀየምም።

አኩርፌ እንዳይመስልሽ፣ የለሁበትም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ግማሽ ልቤ እንድትወድቂ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ የሰጠኝን ቤት ኖራ አስቀብቼዋለሁ። ደጃፉ ላይ ጤና አዳም ተክያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ ሳጠጣው «ምነው ባለቤትህ አትመጣም?» የሚሉኝን ጎረቤቶች በፈገግታ እሸኛለሁ። ርዕሰ መምህራችን በሐምሌ ጡረታ ይወጣሉ፤ ቦታው ለእኔ እንደሆነ ሁሉም እያወራ ነው። ይህ ሁሉ አንቺ ከሌለሽበት ባዶ ቤት ነው።

ሌላው ግማሽ ልቤ ደግሞ አንቺን እዚህ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀምጠሽ ማየት አይችልም። አንዲት የባልቴት ጓዳ የነበረችውን ቤት አዲስ አበባ ድረስ ያስጠራሽ ሰው ነሽ። ስለዚህ የሁለተኛው ግማሽ ምክር ይኸውልሽ። ዘምዘም ከአጥርሽ ማዶ አይደለችም? ሁዳዴ የእሷ ጾም አይደለም። እጇም ምላሷም የታወቀ ነው፤ ለዒድ የላከችልንን ወጥ እስካሁን አልረሳሁትም። አንቺ ቅዱሳት መጻሕፍት ታስገልጪኛለሽ፣ የምትቀምስልሽ ሴት ግን አጥርሽ ላይ ልብስ እያሰጣች ነው።

ብርድ የመታሽ ለምንድን ነው? ጋቢውን ትቼልሽ መጥቼ የለም?

ናፋቂሽ ይታያል

*

ሞጣ፣ የካቲት 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይታያል፣

«ዘምዘም ምን አለች?» ማለትህ አይቀርምና ቃል በቃል ልንገርህ። አጥሩ ላይ ተደግፋ ሰማችኝና «ይኸን ሁሉ ዓመት ሽታውን ብቻ ስትልኩብኝ ኖራችሁ፤ እንኳን ማንኪያውም መጣ» አለች። ከዚያ አንድ ነገር አስታወሰችኝ። በረመዳን የሾርባዋን ጨው የምቀምስላት እኔ አይደለሁም? እሷ በእኔ ምላስ ስታፈጥር ኖራ፣ እኔ በእሷ ምላስ መሥራት ሳላስበው ቀረሁ። አጠገብ ያለ ነገር አይታይም መሰለኝ።

ነጭ ሽርጥ ለብሳ፣ ፀጉሯን በደንብ ሸፍና ገባች። የመጀመሪያውን ድስት ቀምሳ «ማር ነው» አለች። ሁለተኛውን ቀምሳ «ኮሰረት በዝቶበታል» አለች። ፈንታዬ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ኮሰረቱን የምትመጥነው እሷ ናትና። «እንዲያው ምን ላድርግ፣ ቀምሼ አልከራከርሽ» ብላ ተብሰከሰከች። በማግስቱ ግን ኮሰረቱን ቀነስ ስታደርግ አየኋት፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ደስታችን ግን ሙሉ አልሆነም። ለሄለን ስልክ ደውዬ ስነግራት «በጣም ጥሩ፣ ሁለተኛዋስ?» አለችኝ። ቀማሾቹ ሁለት መሆን አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዷ ደግሞ የቤቱ ሠራተኛ፣ «ይህ ድስት አይሸጥም» ብላ ለማዘዝ ሥልጣን ያላት መሆን አለባት። የጎረቤት ምላስ ብቻ አይበቃም። ከቤቱ ሴቶች የማትጾም የለችም። ፈንታዬን ለመጠየቅ አፌን ስከፍት «ነፍሴን በማንኪያ አልሸጥም» አለችኝ፤ ገና ምንም ሳልላት።

አባ ገብረ ሕይወት ዘንድ ሄጄ ለአንዷ እንዲፈቱላት ለመንኳቸው። «ለታመመ እፈታለሁ፤ ለቅቤ ብዬ ግን ጤነኛ አላሳምምም» አሉ። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስሜ ተመለስኩ።

ስለ ብርዱ ጠይቀሃል። ለቆኛል፤ እተኛለሁ። እንዲያውም እንደ ድሮው አይደለሁም፣ ተቀምጬም እተኛለሁ።

ባንቺ

*

ቢቸና፣ የካቲት 30 ቀን 1999 ዓ.ም.

ባንቺዬ፣

ቀለሙ ያወራልኝን አልደብቅሽም። ደብዳቤውን ስትሰጪው ፊትሽ ገርጥቶ፣ የመናኸሪያውን ግንብ ተደግፈሽ እንደነበር ነገረኝ። «መምህር፣ ሚስትህ ከስታለች» አለኝ፤ በሥጋ ቤት ሚዛን የመዘነሽ ይመስል። ምን ሆነሻል? ጾሙ ነው? ሥራው ነው? ወይስ ሁለተኛዋን ቀማሽ ፍለጋ ስትንከራተቺ ምግብ ረሳሽ?

ሦስት ቀን ሳስብ ሰንብቼ አንድ ነገር ቆርጫለሁ። እኔ ልቅመስልሽ። ከድቁናዬ ጀምሮ አንድም ሁዳዴ አፍርሼ አላውቅም፤ ይኼን ታውቂያለሽ። መሪጌታ ቢሰሙ ከቅኔ ቤቱ ደጃፍ ያባርሩኛል። ይሁን። ቀምሼ ንስሐ እገባለሁ፤ ስግደቱን እሰግዳለሁ። የቤቱ ሰው መሆን አለበት ካለች የቤቱ ባል ነኝ በያት። ሥልጣን ካስፈለገም አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ዝም የማሰኝ ሰው አንድ ድስት ማስቆም አያቅተኝም።

ታዲያ ይኼን ሁሉ የማደርገው አንቺን ከእኔ ለሚያስቀር ወረቀት ነው። ሰው ይሰማና ሞኝ ይለኛል። አንቺ ግን እንደዚያ አትበይኝ።

መልስሽን በቀለሙ ላኪልኝ፤ በቅዳሜው መኪና እነሳለሁ።

ይታያል

*

ሞጣ፣ መጋቢት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይታያል፣ የእኔ ጌታ፣

እንዳትመጣ። ደብዳቤህን አንብቤ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ብነግርህ ብዙ ይሆናል። የአንተን ሁዳዴ በማንኪያ ቅቤ አልለውጠውም። ደግሞም የቤቱ ባል አይደለህም፤ ባልነትህ ለእኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ተገኝታለች። አባ ገብረ ሕይወት ፈትተውላታል። ማን እንደሆነች አትጠይቀኝ፤ አሁን በደብዳቤ የምነግርህ ነገር አይደለም። ሄለን መጋቢት 14 ትመጣለች። ከዚያ በኋላ የጠየቅከኝን ሁሉ እመልሳለሁ።

ይቅርታ አድርግልኝ። እንደዚህ አጭር ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም።

ባንቺ

*

ቢቸና፣ መጋቢት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ባንቺዓለም፣

እንዳልጠይቅሽ ብለሽኝ ነበር፣ አልቻልኩም። አባ ገብረ ሕይወት ከታመመ በቀር አይፈቱም ብለሽ የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ። በሳምንቱ ሁለተኛዋ ተገኝታለች፣ ፈትተውላታል ትይኛለሽ። እንግዲያስ ከቤቱ ሴቶች አንዷ ታማለች ማለት ነው። ያቺ ሴት አንቺ ነሽ?

ልጆች እያስተማርኩ መሀል ላይ የጀመርኩትን ቃል እረሳለሁ። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ደጃፍ ቆሜ ጠብቄሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ልጃችንን አጥተን፣ አንቺን ደግፌ ወደ ቤት ተመልሰናል። ያን ጊዜ ቢያንስ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። አሁን ቢቸና ተቀምጬ ነገር እየገመትኩ ነው፤ ከዚያ ይከፋል።

ስለ ምስክር ወረቀቱ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም፤ ቢመጣም ባይመጣም ግድ የለኝም። ቤቱም ይዘጋ፣ ቅቤውም ይፍሰስ። ታመሽ ከሆነ «አዎ» ብለሽ አንድ ቃል ላኪልኝና በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ። ካልታመምሽም «አልታመምኩም» በይኝ። አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም፤ ያስፈራኝም ዝምታሽ ነው።

ይታያል

*

ሞጣ፣ መጋቢት 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይታያል፣ ልቤ፣

አዎ፣ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። አልታመምኩም። ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ከቆምክ ተቀመጥ።

ከቅቤው ልጀምር፣ ያለዚያ አልችለውም። ሄለን ትናንት መጣች። ዘምዘምን ውጭ አስቀምጣ በመጀመሪያ እኔን ለብቻዬ አስገባችኝ። ክዳናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሦስት ሲኒዎች አሰልፋ ነበር። «ከእነዚህ አንዱ ትክክል አይደለም። የትኛው እንደሆነ ቀምሰሽ ንገሪኝ» አለች። የመጀመሪያውን ቀመስኩ፤ የእኛው ቅቤ ነው። ሁለተኛውን ምላሴ ላይ ከማድረጌ ለየሁት። «ይኼ ቅቤ ብቻ አይደለም፤ የአትክልት ቅቤ ገብቶበታል፤ ይኼ አይሸጥም» አልኩና አፌን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የሆነውን አልጽፍልህም፤ ፈንታዬ ጀርባዬን ስትደባብስ ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ዘምዘምም ቀምሳ ያንኑ ሁለተኛውን ለይታ ነበር። ልክ ነበርን። ሄለን ግን ፊቷ አልተፈታም። «የምታስመልስ ሴት ማንጠሪያ ቤት መግባት አይፈቀድላትም። ሕመም ካለብሽ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ መውጣት አለብሽ፤ አንቺ ከወጣሽ ደግሞ ሁለተኛ ቀማሽ የላችሁም» አለች። ልጅቱ እውነቷን ነው። ለሴቶቹም የነገርኳቸው «ጨጓራዬን አሞኝ አባ ፈቱልኝ» ብዬ ነበር። ሁሉም አፍጥጠው አዩኝ። በአንድ በኩል የቤቱ መዘጋት፣ በሌላ በኩል ለአንተ እንኳን ያልነገርኩት ነገር ነበር።

«ሕመም አይደለም፣ ነፍሰ ጡር ነኝ» አልኩ።

እንግዲህ ይህን ከአንተ በፊት የሰማችው ከአዲስ አበባ የመጣች መርማሪ ናት። ሌሊቱን ሁሉ ያስጨነቀኝ ይኼ ነው። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ይታያል። ያለፉትን ሁለቱን ሦስተኛው ወር ሳያልቅ ነበር ያጣናቸው። ሁለት ጊዜ ስም አውጥተን፣ ሁለት ጊዜ ያንን ስም ሳናነሳው ቀርተናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ይህን ሦስተኛውን ለራሴም ጮክ ብዬ አልነገርኩትም። ሦስተኛውን ወር ልሻገርና ቢቸና መጥቼ ዓይንህን እያየሁ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። አንተን ያህል ሰው በጭንቀት ማቃጠሌ ግን ትክክል አልነበረም። ደብዳቤህን ሳነብ አፈርኩ።

ስለ አባም ላጫውትህ። የጾሙ መግቢያ ላይ ለእሳቸው ብቻ ነግሬ ነበር፤ ያኔውኑ ጾሙን ፍቺ ብለውኝ እኔ እንቢ ብዬ ስጾም ከረምኩ። ቅቤ ብቀምስ ሴቶቹ ያውቁብኛል፤ ካወቁ ከተማው ያውቃል ብዬ ፈራሁ። ከስታለች ያለህ ቀለሙ አልተሳሳተም። የአንተን «እኔ ልቅመስልሽ» ካነበብኩ በኋላ ግን ተመልሼ ሄድኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «በሆድሽ ያለው ሰባት ዓመት ስላልሞላው ጾም የለበትም። አንቺ ደግሞ የእሱ ማንኪያ ነሽ፤ ማንኪያ ጾማለሁ ይላል እንዴ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ በላሁ። ፊቴም ተመልሷል፤ ቀለሙን ደግመህ ጠይቀው።

ሄለን ምን አለች አትለኝም? «እርግዝና ሕመም አይደለም» አለች። «ግን የሚያስመልስሽ ቀን አትግቢ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጾሙ ስለሚፈታ ሦስተኛ ቀማሽ ከሴቶቹ አሠልጥኚ» ብላ ፈረመች። ይኼኔ ፈንታዬ ማንጠሪያው መሀል እልልታዋን ለቀቀችው። ሄለን ወደ አፍ መሸፈኛዋ እየጠቆመች «እልልታው ውጭ ይሁን» አለቻት። ሁላችንም ወጥተን ጓሮ አሰማነው፤ ዘምዘም ከሁላችን በላይ ጮኸች።

አልፈናል፣ ይታያል። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ይላካል ብላለች። እንደ ቃላችን ከሆነ እንግዲህ እኔ ሞጣ እቀራለሁ፣ አንተም ቢቸና። በገና ስንስማማ ሁለት ነበርን። አሁን ያንን ስምምነት እንዴት እንደማደርገው አላውቅም። ያሸነፍኩ ቀን እንዲህ ይከፋኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ተቆጥተህ ከሆነ ቁጣህንም ጻፍልኝ፤ ከዝምታ ይሻላል።

ያንተው ባንቺ

*

ሞጣ፣ መጋቢት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከማንጠሪያ ቤቱ በር ላይ

ባንቺዬ፣

ይህን የምጽፈው ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ከዘምዘም በተበደርኩት እስክሪብቶ ነው። ትናንት ደብዳቤሽን ሳነብ ተቀመጥ ባልሽኝ ቦታ አልቀመጥኩም፤ ዛሬ ጠዋት ስሮጥ ቀለሙን መናኸሪያ ያዝኩት። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ሲያቅተኝ ለተሳፋሪው ሁሉ ነገርኩት። እንግዲህ ከእኔ በፊት ለመርማሪዋ ስለነገርሽ እኔም ከአንቺ ጋር ሳልነጋገር ለአንድ አውቶቡስ ሰው አውርቻለሁና እኩል ነን።

አልተቆጣሁም። መንገዱን ሙሉ አልቅሼ ነው የመጣሁት፤ የሚያለቅስ ሰው ደግሞ መቆጣት አይመቸውም።

የገናውን ስምምነት አፍርሼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄጄ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲያስቡ ነገርኳቸው፤ የዝውውር ማመልከቻዬንም ትቼላቸዋለሁ። ሞጣም ጠመኔ አለ፣ ሞጣም የሚረብሹ ልጆች አሉ። እስከ ሰኔ በየዓርቡ እመላለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ የለም። የማወራው ብዙ ነው፣ ግን ስናገር አፌ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ።

ልገባ ስል ፈንታዬ በሩን ዘጋችብኝ። ፀጉሬ አልተሸፈነም፣ ጫማዬ የመንገድ አቧራ ነው፣ እጄንም አልታጠብኩም፤ «ንጉሥም ቢሆን አይገባም» ብላኛለች። ወረቀት ማስገባትም ክልክል ነው አለች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በመስኮቱ መስታወት ላይ ዘርግታ ትይዝልሻለች፤ ለራሷም እያነበበችው ከሆነ ሰላምታዬ ይድረሳት።

በመስታወቱ አየሁሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽ ቅቤውን እያማሰልሽ ነው። አትቸኩዪ፤ ድስቱን ሳታወጪ እንዳትመጪ። እጠብቅሻለሁ።

ይታያል